ትምህርት ቤቱ አሁንስ አለ?

ባይመጣ ይሻለው ነበር፣ ቅዳሜ ነው፣ መናኸሪያው የሚታመስበት ቀን፣ የቦኖሻና የወራቤ ሚኒባሶች ተራ የሚነጣጠቁበት ሰዓት፣ እሱ ግን የተራ አስከባሪ ሰደርያውን አውልቆ፣ ሚስቱ ጵርስቅላ የተኮሰችለትን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ እዚህ የኮሌጁ አዳራሽ ውስጥ፣ ከፊት ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ እንደ ሙሽራ አባት ተገትሯል። የአቢጋኤል አባት፣ ሂድላት፣ አንድ ቀን ብትቀር መናኸሪያው አይፈርስም፣ አለችው ጠዋት። አይፈርስም፣ እውነቷን ነው፣ ግን ዕንባቆም ቆሞ ሳለ ሾፌሩም ረዳቱም ጨዋ ነው፣ በተራው ይጭናል፣ ዕንባቆም ምሳ ሊቀምስ ዞር ካለ አንዱ የሌላውን መውጫ ይዘጋል፣ ረዳቶቹ አንገት ለአንገት ይተናነቃሉ፣ ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ፣ ሃምሳ አለቃ፣ ሰላም ነው? ወሮበሎች። ድሮ ሰላም አስከባሪ ዛሬ ተራ አስከባሪ እያሉ ይሳለቁበታል፣ ይሳለቁ፣ ልዩነቱም ያን ያህል አይደለ።

ከመድረኩ በላይ ባነር ተሰቅሏል። የውጭ ጦር ኃይል መጨመር ዘላቂ ፀጥታ ያመጣል ወይስ አያመጣም፣ የተማሪዎች ክርክር። ያነበዋል፣ ዓይኑን ይነቅላል፣ መልሶ ያነበዋል። ዘላቂ። ሶማሊያ በከረመባቸው ዓመታት ይህችን ቃል የማይናገር አዛዥ አልነበረም፣ ዘላቂ ሰላም፣ ዘላቂ መፍትሔ፣ እንደ አሜን ነበረች፣ ንግግር የሚዘጋው በእሷ ነው፣ ለመሆኑ አንድ ነገር ምን ያህል ሲቆይ ነው ዘላቂ የሚባለው፣ ቆርቆሮ ስንት ክረምት ሲችል ነው፣ ሰው ስንት…

በግራው የተቀመጡት ጋሽ ጠና ናቸው፣ መናኸሪያው አጠገብ የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጡት፣ ወሬ ይወዳሉ፣ ግራ ጆሮው በሞርታር መበላሸቱን ወይ ረስተዋል ወይ አያውቁም፣ ያወሩለታል፣ እሱም በዳበሳ ራሱን ይነቀንቃል። ሲዞር ጥቂት ቃል ይይዛል። ያኛው የናስረዲን ልጅ ነው፣ ፈትሁዲን፣ ምላሱ ጤፍ ይቆላል፣ ልጅህን እግዜር ይርዳት። አሜን ጋሼ።

ልጁ። አቢጋኤል። ሁለተኛ ዓመት። መድረኩ ላይ ከፈትሁዲን ትይዩ ቆማለች፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስራለች፣ ማይኩን እንደ ጉጠት ጨብጣዋለች፣ መቼ ነው እንዲህ የረዘመችው፣ ከመጀመሪያው ግዳጅ ሲመለስ ጉልበቱ ላይ አልደረሰችም፣ ጵርስቅላ አባባ መጣ ስትላት ከበሩ ጀርባ ተደብቃ ወታደር ነው ብላ አለቀሰች፣ አሁን ደግሞ፣ አባዬ፣ ደጋፊው ወገን በዕጣ ደረሰኝ፣ ጦር ሲጨመር ሰላም ይመጣል በይ ተብያለሁ፣ እኔ ደግሞ አንተ አለህልኝ፣ ትመጣለህ አይደል? አንተ አለህልኝ ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቃትም። መጠየቅ ነበረበት።

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ ይላል መምህር እንድርያስ፣ ክርክሩን የሚመራው እሱ ነው፣ ቋንቋው ሁሉ ክራቫት ያሰረ ነው፣ ተከራካሪዎቻችን የያዙት አቋም በዕጣ የደረሳቸው እንጂ የግል እምነታቸው አለመሆኑን ከወዲሁ ለማስገንዘብ እወዳለሁ። ጄኔሬተሩ ያጓራል። መብራት የለም ዛሬ። በዕጣ። ኤል ገራስም፣ ያቺ የሶማሊያ ከተማ፣ ለዕንባቆም የደረሰችው እንደዚሁ ነው፣ ማን መረጣት፣ ስሟንስ ማን ሰምቶ ያውቃል፣ ከባይደዋ ወዲያ፣ አቧራ፣ ሦስት የግራር ዛፍ፣ ጣሪያው የተገነጠለ የእህል መጋዘን፣ ይኸው ካምፓችሁ፣ ተባሉ፣ ገቡ።

አቢጋኤል ትጀምራለች። ድምፅዋ አንዴ ይሰበራል፣ ከዚያ ይገራላታል። ሌባ የለመደው ሰፈር አንድ ዘበኛ ብታቆሙ ሌባው ዘበኛውን ራሱን ነው የሚሰርቀው፣ ትላለች፣ አዳራሹ ይስቃል፣ ጥቂት ጦር ከመላክ አለመላክ ይሻላል፣ ራሱን ብቻ የሚጠብቅ ጦር ለማንም አይሆንም፣ ሲጨመር ግን መንገዱን ይይዛል፣ መንገድ ሲከፈት ገበያ ይቆማል፣ ገበያ ሲቆም ሰው ወደ ቀዬው ይመለሳል። ራሱን ብቻ የሚጠብቅ ጦር። ይህ የማነው፣ የእሱ ነው፣ ከዓመታት በፊት ምድጃ ዳር ለእናቷ ሲያወራ የወጣው ቃል ነው፣ ተኝታለች ብለው ነበር፣ አልተኛችም ለካ፣ ልጅ የማይለቅመው የለ።

ልክ ናት ደግሞ፣ ክፋቱ ይሄ ነው፣ ልክ ናት። መጀመሪያ አንድ ሻምበል ጦር ብቻ ነበሩ፣ ከመጋዘኑ ግቢ አይወጡም፣ ፀሐይ ካዘቀዘቀች ጀምሮ ይተኮስባቸዋል፣ ቀን ገበያው ባዶ፣ ሰዉ በግድግዳ ጥግ ጥግ፣ ውሃ ሊቀዱ ሲወጡ እንኳ እንደ ውጊያ ተዘጋጅተው ነው። ታዴዎስ የሀደሮው፣ ሻንጣው ውስጥ የአገሩን ዝንጅብል ይዞ የሚዞር፣ ሻይ ያለዝንጅብል ለበሽተኛ ነው የሚል፣ ያቺን ጠዋትም ዝንጅብሉን በድንጋይ እየቀጠቀጠ ነበር፣ ና እንጂ ሀዲያው፣ ዛሬ የከምባታ ሻይ ላጠጣህ፣ ዕንባቆም ኩባያውን ሊያመጣ ሁለት እርምጃ ዞር አለ፣ ከዚያ ድምፅ የለም። ድምፁን አልሰማውም። ሰማዩ ነጭ ሆነ፣ አፉ ውስጥ አፈር፣ ግራ ጆሮው ውስጥ እስከ ዛሬ የማያቆም ጢዝዝታ፣ ታዴዎስ ደግሞ፣ በቃ።

ከታዴዎስ በኋላ ጦር ተጨመረ። አንድ ጠዋት ከአቧራው ውስጥ መኪና፣ ከመኪናው ኋላ መኪና፣ ብረት ለበስ፣ ደግሞ መኪና፣ ሰው ባርኔጣውን ወርውሮ ጨፈረ፣ ዕንባቆም ራሱ አለቀሰ፣ ምነው ከሳምንት በፊት በመጣችሁ አለ። ከዚያ ወዲያ ጸጥ አለ። እውነት ጸጥ አለ። ግመሎቹ ወደ ጉድጓዱ መጡ፣ ሻይ ቤት ተከፈተ፣ ልጆች ኳስ ይዘው ወጡ፣ ማን ይክዳል፣ ዓይኑ ነው ያየው፣ ለአቢጋኤል የነገራትም ያንን ነው፣ ሌላ የሚነገር ምን ነበረውና።

ጭብጨባ። ጋሽ ጠና ትከሻውን ይመቱታል፣ አንበሳ ወለድክ እኮ። ፈትሁዲን ማይኩን ይቀበላል። ቀጭን ልጅ ነው፣ አባቱ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ሲለካ ያየዋል፣ ለሰው ክብር አለው፣ አሁንም መጀመሪያ ለሽማግሌዎቹ እጅ ይነሳል።

እኔ አንድ ነገር ብቻ እንድታስቡ እፈልጋለሁ፣ ይላል፣ አይጮህም፣ ነገ ጠዋት እዚሁ ሆሳዕና መናኸሪያ በር ላይ፣ የማናውቀውን ቋንቋ የሚናገር ወታደር ቆሞ ብናገኝ፣ መልካም ሰው ይሁን፣ ሊጠብቀን የመጣ ይሁን፣ እናቴን ነጠላዋን አውልቂ ቢላት፣ እናቴ እየተጠበቀች ነው ወይስ እየተዋረደች? ደግሞ አንድ መሆኑ ነው ወይስ ሃምሳ መሆኑ ውርደቱን የሚያቀለው? ዘበኛ ሲበዛ ሌባ ይደበቃል፣ አይሞትም፣ ሌባ ትዕግሥት አለው፣ ዘበኛ ግን አገሩ ይናፍቀዋል።

ዕንባቆም ወተቱን ያያል። አሮጊቷን። ኤል ገራስ፣ በቢጫ ጀሪካን ወተት የተሸከመችውን። ኬላው ላይ ተራው የእሱ ነበር፣ በጀሪካን ፈንጂ ይገባል ተብሏል፣ ጠጪው አላት በእጁ ምልክት፣ አልገባትም፣ ጠጪው፣ ድምፁን ከፍ አደረገ፣ ሰው ሲፈራ ይጮሃል፣ ተቀመጠች፣ መሬት ላይ፣ በመዳፏ እየቀዳች ጠጣች፣ እሱን እያየች፣ በቃ ቢላትም አላቆመችም፣ ጠጣች፣ ጠጣች፣ እስኪያስመልሳት፣ ከዚያ ተነስታ የቀረውን እግሩ ሥር ደፍታው ሄደች። እናቱ ቦኖሻ ውስጥ እንዲህ ያለ ያረጀ አንገት ነበራት፣ እንዲሁ ጅማቱ የወጣ። እና ያን ዕለት ገበያው ሰላም ነበር። ሪፖርቱ ላይ ምንም አልተከሰተም ተባለ። ምንም አልተከሰተም።

ይሄ ልጅ ከየት አመጣው። መጽሐፍ አንብቦ ነው። መጽሐፍ አንዳንዴ ያውቃል ማለት ነው።

አሁን አቢጋኤል መልስ የምትሰጥበት ነው፣ ወደ ፈትሁዲን አታይም፣ ወደ ሕዝቡ ነው የምታየው፣ ወደ ሦስተኛው ረድፍ፣ አታድርጊው፣ አታድርጊው የኔ ልጅ። ተቃዋሚዬ ቢሆንስ እያለ ምሳሌ ያወራል፣ ትላለች፣ እኔ ምሳሌ አላወራም፣ ማስረጃዬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል። አባቴ ሃምሳ አለቃ ዕንባቆም ሶማሊያ ውስጥ ኤል ገራስ በምትባል ትንሽ ከተማ አገልግሏል። ጥቂት ሲሆኑ ጓደኛው ሞተ፣ እሱም አንድ ጆሮውን አጣ። ጦር ሲጨመር ግን በዚያች ከተማ ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ የእንጨት ዴስኩን ተሸክመው ያስገቡት ወታደሮች ናቸው፣ ሴት ልጆች ሳይቀሩ መጡ፣ እኔ ትንሽ ልጅ ሳለሁ ያንን ታሪክ ካልነገረኝ አልተኛም ነበር።

አንገት ሁሉ ይዞራል። ጋሽ ጠና ጭራሽ ያጨበጭባሉ። አልተኛም ነበር። እውነት ነው፣ ክንዱ ላይ ጋደም ብላ፣ አባዬ የትምህርት ቤቱን፣ የትኛውን፣ የዴስኩን፣ እሺ፣ ዴስኩ ከባድ ነበር፣ እንዴት ከባድ፣ እንደ ዝሆን፣ ከዚያ መምህሩ መጣ፣ ጢሙን በሂና የቀባው፣ መዓሊም ዑስማን፣ መዓሊም ማለት በእነሱ አስተማሪ ማለት ነው፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገነን፣ ከዚያ ደወል ደወለ፣ ከምን የተሠራ ደወል፣ ከመኪና ቸርኬ፣ ልጆቹ ሮጡ፣ ከዚያስ? ከዚያማ ተማሩ፣ ተኚ በይ። ከዚያስ የሚለው ሁልጊዜ እዚያ ጋ ያበቃል። ጵርስቅላ ብቻ ናት የቀረውን የምታውቅ፣ እሷም በእንቅልፉ ሲጮህ ሰምታ፣ ለልጅቱ አትንገራት፣ ያንን ይዛ ትደግ፣ አለችው፣ ያንን ይዛ አደገች፣ ይኸው።

ሃምሳ አለቃ፣ መምህር እንድርያስ ነው፣ ፈቃድዎ ከሆነ ለታዳሚው አንድ ሁለት ቃል ቢሉልን፣ ዳኞቹም ደስ ይላቸዋል። አይ ይለፈኝ፣ ይላል፣ ድምፁን ማንም አይሰማም፣ ማይክ በእጅ በእጅ እየተቀባበለ ይመጣል፣ ጋሽ ጠና ያስነሱታል፣ ተነስ እንጂ ጀግናው፣ ይነሳል። ማይኩን ወደ አፉ ያስጠጋል።

እንደምን ዋላችሁ። ልጄ ያለችው እውነት ነው። ጦር ሲጨመር ጸጥ ብሏል። ትምህርት ቤቱም ተከፍቷል። እኔ ራሴ ዴስክ ተሸክሜያለሁ። ይህን ይላል፣ ይበቃል፣ ተቀመጥ፣ አሁን ተቀመጥ፣ ያጨበጭባሉ፣ እሷም ፈገግ ትላለች፣ ጵርስቅላ የቡላውን አተካና ሠርታ ትጠብቃለች፣ ቅቤው ከላይ፣ ልጅ አሸንፋ ገባች ይባላል፣ ተቀመጥ።

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፈትሁዲን ነው፣ ከመድረኩ ጫፍ ጎንበስ ብሎ። ለእርስዎ ያለኝ ክብር እንደተጠበቀ ነው፣ አንዲት ጥያቄ ብቻ። ትምህርት ቤቱ አሁንስ አለ?

አሁንስ።

ይህችን ጥያቄ ያውቃታል። ሀደሮ ላይ ነው ያወቃት። የታዴዎስን እናት ሊያጽናና በእረፍቱ የሄደ ጊዜ፣ እማማ ገነቴ፣ ወገባቸውን በመቀነት አስረው፣ እንባቸው ደርቆ፣ ስለ ሬሳው አልጠየቁትም፣ ስለ ጓደኝነታቸው አልጠየቁትም፣ አንዲት ነገር፣ ልጄ የሞተበት አገር አሁን ሰላም ነው? አዎን እማማ፣ አሁን ሰላም ነው፣ ትምህርት ቤት ተከፍቷል። ተመስገን፣ አሉ፣ እንግዲያስ በከንቱ አልሄደም። እውነቱን ነበር የነገራቸው፣ አልዋሸም፣ ያን ዕለት እውነት ነበር፣ ግን እውነትም እንደ ወተት ነው ለካ፣ ካደረ ይለወጣል፣ ዕንባቆም ከዚያ ወዲያ ሀደሮን አልረገጠም፣ ሰው ሊሸኝ ዱራሜ ድረስ ሄዶ እንኳ ከዚያው ተመልሷል። ተመልሶ ሄዶ ምን ይበል። እማማ፣ ያልኩዎት ነገር ፈርሷል።

ሃምሳ አለቃ? ይላል መምህር እንድርያስ።

ዋሽ። ማን ያውቃል፣ ማን ይጠይቃል፣ አዎ አለ በል፣ ሰባተኛ ክፍል ደርሷል በል፣ ልጅህ አፍህን እያየች ነው፣ ያቺ ከበሩ ጀርባ ተደብቃ ያለቀሰችው፣ ከንፈሯ ሊስቅ ግማሽ ተከፍቷል፣ አዎ ብቻ በል። አፉን ይከፍታል።

የለም፣ ይላል።

ማይኩ ይጮሃል፣ አንድ ሰው ያስተካክልለታል። የለም። ሁለት ዓመት ነው የቆየው። አንድ ጠዋት ውጡ የሚል ትዕዛዝ መጣ፣ ለምን እንደሆነ አልተነገረንም፣ ለወታደር አይነገርም፣ ድንኳን ነቀልን፣ ኬሻውን ቀደን አሸዋውን ደፋን፣ ሰዉ በየደጁ ቆሞ ያየናል። መዓሊም ዑስማን ወደ መኪናዬ መጣ። እኛን ከለመደ ወዲህ ጥቂት አማርኛ ይችል ነበር። ነገ ትመጣላችሁ? አለኝ። እኔ… ትላልቅ ሰዎች ሌላ ጦር ይልካሉ አልኩት። እሱም ሰዓቱን አየና፣ ልጆቹ ክፍል ገብተዋል፣ ልሂድ፣ አለኝ። ሄደ። ደወሉን ሲመታ ሰምቻለሁ። በቀኝ ጆሮዬ።

እየተናገረ ነው ወይስ እያሰበ፣ አያውቅም፣ ፊታቸውን ሲያይ እየተናገረ መሆን አለበት። ባይደዋ አልደረስንም ነበር። አስተርጓሚያችን ከእኔ ጋር መኪናው ላይ ነው፣ ስልኩ ጠራ፣ አዳመጠ፣ ብዙ አዳመጠ፣ ምንም ሳይመልስ ዘጋው። ምንድነው አልነው። መዓሊም፣ አለ፣ መዓሊም፣ ሌላ ቃል አልወጣውም። ምሽት ላይ ነው የነገረን። እኛ በወጣንበት መንገድ እነዚያ ይተኩሱብን የነበሩት ሰዎች ገብተዋል፣ የገቡ ቀን፣ እኛ ገና መንገድ ላይ ሳለን፣ ከክፍል አውጥተው፣ በልጆቹ ፊት። የባዕድ ጦር ያቆመው ትምህርት ቤት አስተማሪ ነህ ብለው። ዴስኮቹን አቃጠሉት። የተሸከምነውን። በቃ ይሄ ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ።

ይቀመጣል። ማንም አያጨበጭብም። ጋሽ ጠና እጃቸውን ጉልበቱ ላይ ያሳርፋሉ። ፈትሁዲን አንገቱን ደፍቷል፣ ማሸነፉ አላስደሰተውም፣ ጥሩ ልጅ ነው፣ አባቱ በደንብ አሳድጎታል። አቢጋኤል ግን፣ ወደ እሷ ለማየት አቅም ያጣል፣ የሸሚዙን ቁልፍ ያያል፣ ጵርስቅላ በሌላ ቀለም ክር ተክታዋለች፣ ሰማያዊ፣ ምን አደረግኩ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ የልጅነቷን እንቅልፍ ነው ያነደድኩት፣ ለብቻዋ ብነግራት ምን ነበረበት፣ ስንት ዓመት ሙሉ።

የደጋፊው ወገን የማጠቃለያ ንግግር፣ ይላል መምህር እንድርያስ፣ ድምፁ ክራቫቱን ፈቷል፣ ከፈለግሽ፣ አቢጋኤል፣ ካልፈለግሽም።

እፈልጋለሁ፣ ትላለች።

ዓይኗ ቀልቷል፣ ከርቀት ያየዋል፣ ማይኩን ግን አጥብቃ ይዛዋለች። አባቴ የነገራችሁን እኔም ከእናንተ ጋር ነው ዛሬ የሰማሁት። አሁን ግን ዳኞቹን አንድ ነገር ልጠይቅ። ያ መምህር የተገደለው መቼ ነው? ጦሩ የተጨመረ ቀን ነው? ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አልነካውም። የተገደለው ጦሩ የወጣ ቀን ነው። ታዲያ ይህ የምን ማስረጃ ነው፣ ጦር መጨመር ከንቱ ለመሆኑ ነው፣ ወይስ የጨመሩትን መልሶ መቀነስ ወንጀል ለመሆኑ? ተቃዋሚዬ ሌባ ትዕግሥት አለው ብሏል። እኔም እላለሁ፣ ዘበኛውም ይታገሥ። ዘላቂ ሰላም የሚፈልግ ዘላቂ ጦር ያቁም። አመሰግናለሁ።

አዳራሹ ይፈነዳል። ይነሳሉ፣ ያፏጫሉ፣ ወንበር ይወድቃል፣ አቢ! አቢ! ይላሉ ጓደኞቿ፣ ጋሽ ጠና ዓይናቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ያጨበጭባሉ፣ ዕንባቆም በወንበሩ ላይ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ወሰደችው። መዓሊም ዑስማንን ከእጁ ላይ ወሰደችው፣ እንደ ዴስኩ አነሳችውና ወደ ራሷ ወገን አዞረችው፣ እንዴት ፈጥና፣ ገና ሬሳው ሳይቀዘቅዝ፣ ለእሷ ዛሬ ነው የሞተው፣ ይችን ሰዓት ነው የሞተው፣ ከየት አመጣችው ይህን ጭካኔ፣ ከማን፣ ከእኔ ነው፣ ሬሳ ተሻግሮ መሄድ የወታደር ነው። ደግሞ ልክ ናት። ልክ ናት ወይ? ብንቆይ ኖሮ። አምስት ዓመት፣ አስር ዓመት፣ እኔ ሸብቼ፣ የኔ ልጅ እዚያው ኬላ ላይ በእግሬ ተተክታ፣ ያቺ አሮጊት ወተቷን በየቀኑ እየጠጣች፣ የአሮጊቷ የልጅ ልጅ ደግሞ ከግራሩ ሥር ሆኖ እያየ፣ እያየ፣ እያደገ። ያ ይሆን ዘላቂ ማለት።

ዳኞቹ ይመካከራሉ፣ አሸናፊው የደጋፊው ወገን ነው ይላሉ። ፈትሁዲን እጇን ይጨብጣል። ከዚያ ከመድረኩ ወርዶ በቀጥታ ወደ ዕንባቆም ይመጣል፣ ጋሼ፣ ባልጠየቅኩዎት ይሻል ነበር፣ ይቅር ይበሉኝ። የለም ልጄ፣ ደግ አደረግህ፣ አባትህን ሰላም በልልኝ።

ውጭ ዳመናው ወርዶ የሆሳዕናን ጣሪያዎች ነክቷል። አቢጋኤል ጓደኞቿን ትታ ትደርስበታለች፣ አብረው የአስፋልቱን ጠርዝ ይዘው ይወርዳሉ፣ ባጃጆች እያንሿሹ ያልፋሉ፣ አይቆሙላቸውም፣ እነሱም አያስቆሙም። ቁልቁለቱ ሲያልቅ አቢጋኤል ቀና ብላ ታየዋለች።

ተቀየምከኝ?

አልተቀየምኩም።

ማሸነፍ ስለነበረብኝ ነው፣ ትላለች፣ ከዚያ ትቆማለች፣ አይደለም፣ ለማሸነፍ እንኳ አይደለም፣ አባዬ፣ ዝም ካልኩ እዚያው የምጮህ መሰለኝ፣ አፌን ምን ልበለው፣ ፊቷን በሁለት እጇ ትሸፍናለች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ ሰው ያልፋል፣ እህል የጫነ አህያ ያልፋል፣ ዕንባቆም እጁን አንስቶ የት እንደሚያሳርፈው ያጣል፣ ራሷ ላይ ያሳርፈዋል፣ እንደ ድሮ። ስንት ልጆች ነበሩ፣ ትለዋለች ከእጆቿ ውስጥ። ክፍሉ ሙሉ ነበር። ሴቶቹስ ምን ሆኑ? አላውቅም የኔ እናት። አልጠየቅክም? የምጠይቀው ሰው አልነበረም። ሰው ነበር፣ አስተርጓሚው ነበር፣ ስልኩ ነበር፣ መልሱን ፈርቶ ነው ያልጠየቀው፣ ይህንንም ታውቀዋለች፣ ከእጆቿ መሐል አንድ ዓይኗን አውጥታ ስታየው ታውቀዋለች።

ፊቷን ትጠርጋለች። ይሄዳሉ። ዝናቡ ትላልቅ ጠብታ ጠብታ ይጥላል።

አሁን ቢጠሩህስ፣ ትለዋለች፣ ጦር እንጨምራለን፣ ከድሮው እጥፍ፣ ኤል ገራስ እንመለሳለን፣ አንተም ና ቢሉህ ትሄዳለህ?

እሄዳለሁ።

እሱ ራሱ ይደነግጣል። ከየት ወጣ፣ ሳያስበው ነው የወጣው፣ ጥያቄውን ሳትጨርስ ነው የወጣው፣ በዚህ ጆሮ፣ በዚህ ዕድሜ፣ ሚስት እያለው።

እንደማይቆይ እያወቅክ?

እያወቅኩ።

እንደገና ውጡ እንደሚሏችሁ እያወቅክ?

እያወቅኩ፣ አልኩሽ እኮ።

ለምን?

የዝናቡን ጠብታ ከግንባሩ ይጠርጋል። ለምን። መዓሊምን ስለተወው ነው፣ ታዴዎስ እዚያ ስለሞተ ነው፣ ሁለት ዓመት ጸጥታ ከምንም ስለሚሻል ነው፣ ወይስ ወታደር ወደ መኪናው ከመመለስ ሌላ ስለማያውቅ ነው፣ የቱንም አንስቶ ቢሰጣት ነገ መድረክ ላይ ታቆመዋለች፣ ያሸንፍላታል፣ ሁሉም ያሸንፋል፣ ለሁለቱም ወገን።

እኔ ግን አልሄድም ነበር፣ ትላለች አቢጋኤል፣ ዛሬ ያን ሁሉ ብዬ፣ እኔ አልሄድም።

እሰየው፣ ይላል፣ እሰየው ልጄ፣ አንቺ አትሂጂ። ዝናቡ ይወርዳል፣ እሷ ጃኬቷን ራሷ ላይ ትደርባለች፣ እሱ ነጩን ሸሚዙን እንደለበሰ ይረጥባል፣ አትሂጂ፣ ማንም አይሂድ፣ ማንም ባይሄድ ደግሞ ያን ሁለት ዓመት እንኳ የት ያገኙት ነበር፣ ያ ክፍል፣ ያ ደወል፣ ወይስ እኛ ባንሄድ ትምህርት ቤቱ አይከፈትም ነበር፣ ባይከፈት ዑስማን አስተማሪ አይሆንም ነበር፣ አስተማሪ ባይሆን አይገድሉትም ነበር፣ ባይገድሉት ዛሬ ይሄኔ በሕይወት፣ ጢሙን ሂና ተቀብቶ፣ ከግራሩ ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ የእኛን ቋንቋ አንዲት ቃል ሳያውቅ፣ ነገ የሚለውን እንኳ ሳያውቅ…